ማንም የማይቀመጥበት ኮምፒውተር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ፔዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እያደስሁ እሸጣለሁ። የምጭንባቸው ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ ሽማግሌ ማሽን ላይም አያማርርም። ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። አሥር ማሽን እያንዳንዱ ለብቻው ፕሮግራም ላውርድ ካለ፣ እኔ ጡረታ ስወጣ ይደርሳል። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ፦ ፕሮግራሞቹን ሁሉ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አከማቸሁና ሌሎቹ በኬብል ከእሱ እንዲወስዱ አደረግሁ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ጥግ ይዞ ያጉረመርማል።

ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያለ አንድ ትምህርት ቤት አሥር ኮምፒውተር አዘዘኝ። ኢንተርኔት ስለሌላቸው ሁሉም ነገር ተጭኖ መሄድ አለበት። ርእሰ መምህሩ ቃሌን አምነው ክፍሉን አዘጋጅተው ጨርሰዋል፤ ጀልባው የሚነሣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አሥሩንም ደርድሬ፣ መጫኑን አስጀምሬ፣ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የጥጉ ማሽን ጠፍቷል፤ አሥሩም «አልተገኘም» እያሉ መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል። አከራዬ በሩ ላይ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ዳዊት ያስተማሩ። ቆጣሪያችን አንድ ስለሆነ እኔ ዘንድ አምፖል ሲበራ እንኳ ያማቸዋል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ማንም ሳይቀመጥበት ሲጮህ ነበር።»

«የኔታ፣ ሌሎቹ ሁሉ እኮ የሚወስዱት ከእሱ ነው።»

«ለምን? የራሳቸው የላቸውም?»

«እርስዎ ዘንድ ስንት ልጅ ነው በአንድ ዳዊት ዙሪያ የሚቀመጠው?»

«መጽሐፍ ካጠረ ስምንትም ይቀመጣል። ከማዶ ሆኖ በግልባጩ ማንበብ የለመደም አለ።»

«እንግዲያው እርስዎ መጽሐፉን ከፊታቸው ከደኑት።»

አንገታቸውን አስግገው ስክሪኖቹን አዩ። «የት ደርሰው ነበር?»

«መሀሉ ላይ።»

«ታዲያ ከደረሱበት ይቀጥሉ እንጂ።»

ከደረሱበት የሚቀጠለው ዳዊት ነው። ስምንቱን ኮምፒውተሮች እንደ ምንም አባብዬ አስነሣኋቸው፤ ሁለቱ ግን ግማሽ ጎርሰው ግማሽ ተፍተው አሻፈረን አሉ። ከሥር እንዳልጀምራቸው ጊዜው አልበቃም።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ዘጌ ወደቡ ላይ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

«አሥር ነበር የተባባልነው» አሉ።

ነጋዴ ከቃሉ ሌላ ምን አለው? አከራዬ ለቁጠባ ብለው አጠፉት ብል ደግሞ ማን ያምነኛል? «መብራት ሄደብኝ» አልሁ። ውሸት አይደለም፤ ማን እንደ ወሰደው ብቻ አልተናገርሁም።

ስመለስ የጥጉ ማሽን ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በዚያ ብራና በለመደ እጃቸው፣ በቀይና በጥቁር፣ «አይነካ» ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ይሁን። ማስጠንቀቂያው ለማን እንደ ሆነ ነው ያልገባኝ፤ የዚያ ክፍል ቁልፍ ያለው በእኔና በእሳቸው እጅ ብቻ ነው።