አባቴ ያተረፋት እናት

ካልጋሪ፣ ኮርነርስቶን ሰፈር ያለው ቤቴ አዲስ ነው፤ ግድግዳው ገና የቀለም ሽታ አለቀቀውም፣ ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስም እንደ ሰለጠነ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ነው የሚሠራው። ዘንድሮ ጥቅምት ብርዱ ሲገባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ አንዴ ቷ አለና ሙቀቱ ከሚወጣበት የወለል ቀዳዳ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይዞ ወጣ። እኔም እጄን የሳህን ማጠቢያው ውሃ ውስጥ እንደነከርኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ያ ሽታ በልጅነቴ ፎረስት ሎን ሰፈር የኖርንበትን ቤዝመንት ከነሰዎቹ ተሸክሞ መጥቶብኝ ነበርና።

ቤቱ የህንዶች ነበር፤ እነሱ ላይ፣ እኛ ታች። ፈርነሱ የጋራ ስለነበር ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም እንካፈል ነበር። ላይ ቤት ሽንኩርት ሲጠበስ ታች ቤት እናነጥስ ነበር፣ እናቴ እኔን ስትቆጣ የላይ ቤት ልጆች ጸጥ ይሉ ነበር፣ አባቴ ሲያንኮራፋማ የህንዶቹ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይወርድ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ የሆቴል አንሶላ ታጥባለች፣ እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጃቸው ስለነበርኩ የአሥር ልጅ ጥፋት ብቻዬን እሠራ ነበር።

ካልጋሪ ላይ ዊንተር የሚባለው ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። በነዚያ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ሲኒማ ይሆን ነበር። አባቴ አስራ ሰባተኛው አቬኑ ላይ ካለው የህንድ ሱቅ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም በካሴት ይከራያል፣ እናቴ ቆሎ ታቀርባለች፣ ጎረቤት ያለው ሐበሻ ሁሉ መጥቶ ሶፋውና ምንጣፉ ላይ ይጨናነቃል፣ አባቴም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ያስተረጉማል። ሂንዲ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ሲያሳድድ አራት ቃል ለቅሞ ነበር፣ በዚያች አራት ቃል አንድ አገር ሙሉ ሰው ያናግር ነበር።

ዋናው ችሎታው ግን መግደል ነበር። ፊልሙ ላይ አንድ ሰው ካሳለ በአባቴ አፍ ሳንባው በስብሷል፤ ባቡር ካለፈ ገደል ገብቷል፤ ፊልሙ በሠርግ ካለቀ ካሴቱ ከቆመ በኋላ እንኳ «ሙሽራው ግን በሰልሱ እባብ ነደፈው» ብሎ ይጨርሰው ነበር። እናቴ ቆሎዋን ይዛ ስትቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትፈጅብን ነው?» ትለዋለች፣ እሱም «ፈረሱን ጨምሮ» ይላታል። ከዚያ ሁሉም ያለቅሳል። አገር ቤት ያለ ዘመዳቸው ሲሞት ሄደው መቅበር ያልቻሉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ያን ሁሉ የተጠራቀመ እንባ አባቴ በገደላቸው ህንዶች ላይ ያወርዱት ነበር። የእናቴ የቅርብ ጓደኛ እትዬ አልማዝ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ «እፎይ፣ ዛሬስ ደህና ፊልም ነበር» እያለች ትወጣ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ የቤቱ ባለቤት አባት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባባጂ የሚላቸው አዛውንት፣ ወንበራቸውን ይዘው ደጃፍ ይወጡ ነበር። እኔም ከጎናቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ እነዘንዛቸው ነበር። ባባጂ ወጣት ሳሉ፣ ድምፅ አልባው ፊልም መናገር ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ቦምቤይ ውስጥ የፊልም ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ካምፓኒ በወር ደሞዝ ቀጥሯቸው ጠዋት ገብተው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተዋናዮቹ የሚናገሩትን ይጽፋሉ፣ ማንበብ ለማይችለው ተዋናይ ደግሞ ራሳቸው ቃል በቃል ያስጠኑታል።

«አንድ ቀን» አሉኝ፣ «የካምፓኒው ጌታ መጣና ‹ዝሆን ተከራይተናል፣ እስከ ማክሰኞ ነው፣ ዝሆን ጻፍበት› አለኝ።»

«ጻፉ?»

«ጻፍኩ። የፍርድ ቤት ታሪክ ነበር።»

«ስምዎስ ፊልሙ ላይ ወጣ?»

«የዝሆኑ ስም ወጥቷል።»

እኔ ስስቅ እሳቸው አይስቁም ነበር። የካምፓኒው ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ቀይረውባቸዋል፤ የገደሉትን አስነስተውባቸዋል፣ የለያዩትን ድረውባቸዋል። ያልተነካ አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው፣ በአንድ ፊልም ውስጥ እናት የምትሞትበት ቦታ። የራሳቸው እናት ስትሞት እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩና አልደረሱም፤ ያን ጻፉት። «ከዕድሜዬ ሥራ የኔ የምለው እሱን ነው» ይሉ ነበር። «እዚያ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ደርቆ የሚቀር ሰው አልነበረም።»

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ አዲስ አበባ ሞተች። የተደወለው ለአባቴ ነበር፣ እኔና እናቴ አላወቅንም። በኛ ወግ መርዶ እንደ ኳስ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳትወድቅ። እሁድ ማንም ሺፍት ስለሌለው እሁድ ይሁን ተባለ። እስከዚያ እናቴን ከስልክ ማራቅ የአባቴ ድርሻ ሆነ፣ ስለዚህ ቅዳሜ ሮጦ ሄዶ እጁ ላይ የገባለትን ካሴት ይዞ መጣ። መርዶውን የሚያውቁትም የማያውቁትም መጥተው ተቀመጡ።

ፊልሙ ገና ሲጀምር ላይ ቤት ወንበር ተጎተተ፣ ኮቴ ተሰማ፣ በራችን ተንኳኳ። ባባጂ በካልሲ ቆመዋል። የፊልሙ ድምፅ በፈርነሱ ቀዳዳ ወጥቶ ደርሷቸዋል።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

ወንበር ሰጠናቸው፣ ከንፈራቸው ከተዋናዮቹ እኩል እየተንቀሳቀሰ ያዩ ጀመር። እናትየዋ ታመመች፣ ልጇ ሩቅ አገር ነው፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ከራስጌዋ ያለችው መብራት ጠፋች፣ ነጭ ጨርቅ ፊቷ ላይ ሳቡባት። ይህን ለመረዳት ሂንዲ አያስፈልግም፤ ድመትም ይገባታል። አባቴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ደክሟት ነው» አለ። «ትንሽ ተኛች። ዶክተሩም ነገ ይሻላታል ብሏል።»

«ጨርቁስ?» አለች እናቴ።

«ዝንብ እንዳያስቸግራት።»

ማንም አላለቀሰም። እትዬ አልማዝ የምንጣፉን ክር ትነቅላለች። ባባጂ ዙሪያውን ቃኝተው ደረቅ ዓይን ብቻ ሲያዩ ፊታቸው ወደቀ፣ ወደ አባቴም ዞረው በእንግሊዝኛ «ምን አልካቸው? ለምን አያለቅሱም?» አሉት።

አባቴ በታክሲ እንግሊዝኛው «ተኝታለች አልኩ፣ ባባጂ። ዛሬ ትተኛ። ፕሊስ» አለና በዓይኑ እናቴን ጠቆማቸው። አዛውንቱ እናቴን አዩ፣ አቀርቅረው የተቀመጡትን አዩ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ለቅሶ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቀስ ብለው ወደ እናቴ ዞሩ።

«አዎ፣ ተኝታ ነው» አሏት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ተኝታ ነው።»

እናቴ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ አባቴን።

«ዛሬ ማንም አልሞተም?»

«ማንም።»

«ፈረሱም?»

«ፈረሱም ደህና ነው።»

እናቴ የቆሎ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ደረጃውን በጥፍራቸው ወርደው ሊያንኳኩ ሲሉ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሶፋው ወጥቷል፣ ፍራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል፣ እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። «ግቡ፣ ስጠብቃችሁ ነበር» አለች። ትልቁ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲለማመደው የመጣው ንግግር አፉ ውስጥ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አላት አባቴ።

«አንተ ነሃ» አለችው። «መቼ ሰው አትርፈህ ታውቃለህ?»

አላለቀሰችም። ሰው ገብቶ ሲያለቅስላት ሻይ ትቀዳለታለች፣ «በርታ» ትለዋለች፣ የሌላ ሰው ሐዘን ቤት የምታስተናግድ ትመስል ነበር። እትዬ አልማዝ «እንባዋ ውስጧ ቀርቷል፣ ይጎዳታል» እያለች ታንሾካሹክ ነበር። ፍራሹ ተነሳ፣ እናቴ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች፣ አሁንም እንባ የለም።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ቅዳሜ ባባጂ ያንኑ ካሴት ይዘው ወረዱና አባቴን «አሁን እንደጻፍኩት ንገርልኝ» አሉት። ሰዉ ተጠራ። አባቴ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፣ የፊልሙ ሠሪዎች ስም ሲያልፍ «ድርሰት፣ ከላይ ቤት ባባጂ!» ብሎ ጮኸ፣ አዛውንቱም እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። መብራቷ ጠፋች፣ ጨርቁ ተሳበ። አባቴ፣ ጉንፋንን ኮሌራ የሚያደርገው ሰው፣ «ሞተች» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች፣ ጩኸቷም በፈርነሱ ቀዳዳ ላይ ቤት ደርሶ የህንዶቹ ልጆች በካልሲ ሮጠው ወረዱ። ባባጂ ወንበራቸውን ትተው ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ቁጭ አሉ።

ባባጂ ካለፉ ቆዩ፣ እናቴም ተከትላቸዋለች። አባቴ ደግሞ ባለፈው ጥር ዘመድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔ የሰማሁት ሳቫና ሱቅ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ነው። ስልኬ ጮኸ፣ የዘመዶቻችን የስልክ ግሩፕ ላይ አንድ የአክስቴ ልጅ የአባቴን ፎቶ ከሦስት ሻማ ጋር ለጥፎ «አር አይ ፒ ጋሼ» ብሏል፣ ከሥሩም ሰዉ የተጣመረ እጅ ምስል እየላከ ነበር። ወርጄ ወተት ገዛሁ። የሚያበቃበትን ቀን ሳይቀር አገላብጬ አየሁ። በኋላ ሰዎች ምግብ ይዘው መጡ፣ ቀልድ አወራሁላቸው፣ ስቀው ሄዱ፤ እንዲህ የተሳቀበት ሐዘን ቤት ካልጋሪ አይታ አታውቅም። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።

ያኔ አንድ ቤት ሙሉ ሰው እናቴ አንድ ሌሊት በሰላም እንድታድር ብሎ አብሮ ዋሸ፣ አንድ አዛውንት የኔ ነው የሚሉትን አንድ ሥራ በገዛ አፋቸው ሰረዙላት። እኔ ጋ እውነቱ ከወተቱ ቀድሞ ደረሰ። ሳህኑን አጥቤ ጨርሼ እጄን አደረቅሁና ቀዳዳው አጠገብ ቆምኩ፤ ሙቀት ይወጣል፣ የማንም ድምፅ ግን አይመጣበትም።

«ደክሞት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ትንሽ ተኛ።»

ጨርቁስ ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም።