በሐምሌ የደረቀችው አበባ

ባለፈው ሳምንት አምስተርዳም ኖርድ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ አብረን አንድ የአትክልት መሸጫ ገባን። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ደረቅ አፈር ብቻ የሚታይበት ትንሽ ሸክላ አንስቼ ሳገላብጥ ልጄ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ሞቷል እኮ፤ ተዪው!» እርስዎ ማለትን አላስተማርኳትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሸክላው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ስሟን ሳነብ ግን መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ። ያቺው አበባ ነበረች።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ዴን ሃግ ውስጥ ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አዛውንት ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቶኝ እኖር ነበር። ሜቭራው ነበር የምላቸው፤ ወይዘሮ እንደማለት ነው። የስደተኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፤ በሆላንድ ምድር ከሳቸው በቀር ዘመድ የምለው አልነበረኝም። ቁጡ ነበሩ። ድንችና ካሮት አብረው ቀቅለው፣ ጨፍልቀው፣ ቅቤ ጥለውበት «ብዪ እንጂ!» ሲሉኝ ግን እናት ይሆናሉ።

የሚሳሱላት አንዲት ነገር ብትኖር በረንዳቸው ላይ ያለችው አበባ ናት። ሥሯን ባላቸው ከአሜሪካ ምዕራብ፣ አሪቲ አሪቲ የሚሸት ግራጫ ቁጥቋጦ ከሚበቅልበት ደረቅ ሜዳ ነው ያመጡላቸው። ከአፈሩ ቀና አትልም፤ ቅጠሏም ቀጫጭን ነው። በግንቦት መጨረሻ ግን ከራሷ የሚበልጥ ሮዝ አበባ አወጣች፤ ሜቭራውም ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ።

በሰኔ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ስመላለስ በረንዳውን ረሳሁት። በስምንተኛው ቀን ባይ ቅጠሉ ሁሉ ጭራሮ ሆኗል። ሁለት ቀን ውሃ ሰጠኋት፤ ወይ ፍንክች! በእኛ አገር ሐምሌ ሲቃረብ ድንጋዩ ሳይቀር የሚለመልም ይመስላል፤ በዚያ ሰሞን የደረቀ ነገር ሞቷል ማለት ነው። ገደልኳት ብዬ ደመደምኩ። ዓይኔ እንዳያያት ከበረንዳው ጥግ፣ ግድግዳ ከተደገፈ ጣውላ ሥር ሸሸግኳት።

ምክር የምጠይቀው ሮተርዳም የሚኖሩትን ጋሽ መኮንንን ነበር፤ ለእኛ ለስደተኞቹ ሽማግሌያችን እሳቸው ናቸው።

«ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ በስልክ። «ዳሌያቸው ይጠገንና በወጉ እናረዳቸዋለን። እስከዚያው ደህና ናት በያቸው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሜቭራው ከትራሳቸው ቀና ብለው «አበባዬስ?» ሲሉኝ «ደህና ናት፣ ለምልማለች» አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። ያላመኑኝ መሰለኝና በማግስቱ ጨመርኩበት፤ «አዲስ ቅጠል አውጥታለች!» ወደ ግድግዳው ዞሩ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት መች ይቆማል? ትራም ላይ ተቀምጬ ለነገ የምጨምረውን ቅጠል አስብ ነበር። በሐምሌ ጭራሽ ምግብ መንካት ተዉ። ነርሷ ኮሪደር ላይ አቁማኝ «በዚህ ከቀጠሉ አይነሱም» ስትለኝ ወደ ስልኩ ሮጥኩ።

ውሸቱ ነው የጎዳቸው፣ መጥተው ያርዱልኝ ብዬ ጋሽ መኮንንን ለመንኳቸው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነውና ሆስፒታሉ ጠያቂ ማስገባት እንደጀመረ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ደረሱ። ከአልጋው አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛ ጀመሩ። «እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን፤ የሰጠ አምላክ ይነሳል…»

ሜቭራው ደንግጠው እጄን ያዙ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«አበባዎ» አልኩና ለቅሶዬ መጣ። «እርስዎ ከወደቁበት ሳምንት ጀምሮ ደርቃለች። አንድ ቅጠል የላትም። ዋሽቼዎት ነው።»

«ደርቃለች? ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

እጄን ለቀቁ። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ሳቁ። «እሷ እኮ የእኛን በጋ፣ ሰኔና ሐምሌን፣ ተኝታ ነው የምታሳልፈው! አበባዋን ከሰጠች በኋላ ቅጠሏ ይደርቃል፤ የምትነሳው መስከረም ሲገባ ነው። ለምልማለች ስትዪኝ ነው ውሃ እየሞላሽባት ሥሯን እንዳበሰበስሽው ያመንኩት። እንደዚያ ደስ ብሎሽ ስትነግሪኝ ደግሞ ምን ልበልሽ?»

ለካ እሳቸውም ደብቀውኝ ኖሯል። ዳቦና አይብ አስመጥተው በሉ፤ ጋሽ መኮንንም ጥቁር ክራቫታቸውን ፈተው አብረው ቀመሱ።

ስመለስ ግን ደስታዬ ከትራሙ አላለፈም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። «እማዬ ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ በየቀኑ ትስቃለች» ይላል። እናቴ በየቀኑ የምትስቅ ሴት አልነበረችም። ቤት እንደገባሁ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ እውነቱን ንገረኝ ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ሜቭራው በምርኩዝ ተመልሰው፣ ከደረቀው አፈር ውስጥም የቅጠል ጫፎች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል ይላል። ሜቭራው ደብዳቤውን ማንበብ ባይችሉም ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ።

ወንድሜን አልተቀየምኩትም፤ እኔስ በምን እሻለዋለሁ? ዛሬ ልጄ ሰው ሲሞት በስልክ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትነግረኝ፤ ጨካኝ እላታለሁ። አገር ቤት ያሉት ግን «ሁላችንም ሰላም ነን» ሲሉኝ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ የማን ስም እንዳልተነሳ አስባለሁ።