አልወርድም ያለው መሪ

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ያለው የጋራዣችን ስልክ ጠራ። ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። የደወሉት የጋሽ ጀማል ባለቤት እትዬ ከድጃ ናቸው። «ሰናይትዬ፣ ጀማል አረፈ» አሉኝ። ጧት ደረታቸውን አሟቸው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምተን ስለነበር፣ እኔ የጠበቅሁት «ተሻለው» የሚል ቃል ነበር። ለሥራ ባልደረባቸው ለታዬ እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት አላስታውስም። የማስታውሰው፣ ታዬ ከተኛበት መኪና ሥር ሳይወጣ ብዙ መቆየቱን ነው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ «አንቺ አብረሻቸው ስትሠሪ ነበር፤ አንድ ነገር በይ እንጂ» ተብዬ ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። የሚያውቁኝ አልተገረሙም። ስለዚህ በዚያ ቀን መናገር ያቃተኝን፣ በሌክ ስትሪትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ መኪናው ቆሞበት የጋሽ ጀማልን ስም ለጠራ ሰው ሁሉ በጽሑፍ እነግራለሁ።

ጋሽ ጀማል የደሴ ልጅ ነበሩ። ሙያቸውንም የተማሩት እዚያው ነው። መነጽራቸውን በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዙት ሰማያዊ ቱታ ደረቱ ላይ «ቦብ» የሚል ጥልፍ ስለነበረው፣ ግማሹ የሴንት ፖል ሰው ሚስተር ቦብ ይላቸዋል። አንድም ቀን አላረሙም። «ሰውየው ቱታውን ትቶልኛል፤ ስሙንም አብሮ ከተወልኝ ምን አደርጋለሁ?» ይሉ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር፣ በሳምንት ሦስት ቀን የጋራዡን ስልክ ለማንሣት ተቀጠርኩ። ስልክ ማንሣት ለምታፍር ልጅ ይህን ሥራ መስጠት የሳቸው ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ወር ዳዶ ግዢ ብለው መለዋወጫ ሱቅ ላኩኝ። ዳዶ ማለት ቡሎን ላይ የሚጠብቀው ባለስድስት ጎን ብረት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቃሉ እንግሊዝኛ መስሎኝ ለሻጩ ሦስት ጊዜ «ዳዶ» አልኩት፤ ሦስተኛውን ጮክ ብዬ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ባዶ እጄን እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ጋሽ ጀማል እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ወላሂ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣልያንኛ እየተናገርኩ መሆኔን ያወቅሁት እዚያው ሱቅ ነው። እኔማ ካንዴላና ፍሪሲዮንም ጨምሬባቸው ነበር!» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው አብረውኝ ሄዱ። አሮጌውን ዳዶ ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ዝም አሉ። ሻጩ አዲሱን አመጣ። ስንወጣ «ስሙ ሲጠፋሽ ዕቃውን አሳይ። ማፈር ያለበት ዕቃውን የማያውቅ ነው» አሉኝ። ይህችን ንግግር ፈተና ክፍል ድረስ ይዣት ገብቻለሁ።

በበረዶው ወራት ከሥራ ሰዓታቸው በፊት ባትሪ ማስነሻ ገመድ ይዘው በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። ከሌሊት የጽዳት ሥራ የሚመለሱ ሴቶች መኪናቸው ሳይነሣ ሲቀር የሚደውሉት ወገባቸው ላይ ለማትለየው መጥሪያ፣ ለቢፐራቸው ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም።

አንድ ቀን «አንቺ የተማርሽው፣ ዝገት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ብረት፣ ስለ አየርና ስለ እርጥበት የማውቀውን ሁሉ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ኩርፊያ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ብረት ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ዘመን ሳይነቃነቁ ሲቀሩ ይኳረፋሉ። ኩርፊያ ደግሞ በመዶሻ አይለቅም። ትነኪዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ፣ ደግመሽ ትነኪዋለሽ።» ታዬ አንድ ጊዜ ወር ሙሉ አኩርፏቸው ሳለ፣ በየጧቱ ሰላምታ እየሰጡ ሻዩን አጠገቡ ሲያስቀምጡለት አይቻለሁ። በሠላሳኛው ቀን ገደማ ታዬ «ስኳር አነሰው» አለ። ዕርቁ በዚሁ አለቀ።

አሁን የመጨረሻ ሥራቸው ወደነበረው መኪና ልምጣ።

ከጋራዡ ጀርባ፣ ከጓሮ መንገዱ ማዶ፣ ኤልሲ የምትባል ሰማንያ ዓመት ያለፋት አሜሪካዊት ትኖራለች። የጋሽ ጀማልን ስም አስተካክላ የምትጠራ ብቸኛዋ ጎረቤት እሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በፈረንጆች 1962 የተሠራው ሼቭሮሌው ሃያ ዓመት ሸራ ለብሶ ቆሟል። በዚህ መጸው ቤቷን ሸጣ፣ ሰኞ ጧት ወደ ልጇ አገር ወደ አሪዞና ልትሄድ ሆነ። ጋሽ ጀማልን የለመነቻቸው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሳይበተን፣ ከመሄዷ በፊት እሑድ ዕለት መኪናዋን እስከ ሐይቁ መንዳት። «እሑድ ትነጂዋለሽ» አሏት።

ሞተሩ ተነሣ፤ ፍሬኑም ተሠራ። መሪው ግን አልዞር አለ። ከሥሩ ያለው፣ ዘንጉን የሚያሾረው ኩሽኔታ ቅባቱ ደርቆ ነበር። ኩሽኔታውን ለማግኘት ደግሞ መሪው መውጣት አለበት፤ መሪውም ከዘንጉ ጋር በዝገት አንድ ሆኗል። ኤልሲ በምርኩዟ መጥታ በግራ በኩል መሪው ላይ የተፋቀች ትንሽ ቦታ አሳየችን። ባሏ በሚነዳበት ጊዜ የጋብቻ ቀለበቱ እያረፈ የፋቃት ቦታ ናት። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየችና ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጀማል የባትሪውን ገመድ ፈቱ፣ የክላክሱን ክዳን አነሡ፣ መሪው ሲመለስ እንዳይሳሳት በዘንጉና በመሪው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመሩ። ዳዶውን ፈተው ፈተው ሊያልቅ ሦስት ጥርስ ሲቀረው ተዉት። ከዚያ መንቀያውን ገጠሙ። መንቀያ ሁለት ክንድ ያለው ብረት ነው፤ ሁለቱ ክንዶች መሪውን ወደ ውጭ ሲስቡ መካከለኛው ቡሎን ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋል። አጠበቁ፣ በትንሿ መዶሻ ነካ አደረጉ፣ ዘይት ጨመሩ። ምንም የለም።

ታዬ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ መሪማ አልወርድም ብሏል!» አለ።

«መሪ መቼ በፈቃዱ ወርዶ ያውቃል?» አሉ ጋሽ ጀማል፣ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ እንገልብጠው!»

«ተው እንጂ፤ በዕድሜዬ በሰላም የወረደ መሪ አላየሁም። አላህ ካለ ይህን አንዱን በሰላም አወርደዋለሁ።»

ሦስታችንም እንባችን እስኪወጣ ሳቅን። ኤልሲ ሳቁን ሰምታ መጥታ «ምንድን ነው?» ብትለኝ ልተረጉምላት ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ግን የመኪናው መሪና የአገሩ መሪ በአንድ ቃል አይገናኙም። ቀልዱ እጄ ላይ ሞተ።

«ዳዶው ለምን ሙሉ በሙሉ አልወጣም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያኮረፈ ነገር ሲለቅ እንዴት እንደሚለቅ አይታወቅም» አሉኝ። መንቀያውን እንደተወጠረ ትተውት ቱታቸውን አወለቁ። «ነገ ይመጣል» አሉ። ያ ነገ ሐሙስ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ታዬና እኔ ጋራዡን ከፈትን። ሁለታችንም ለቅሶ ቤት መሆን ነበረብን፤ ግን እትዬ ከድጃ ራሳቸው «የሴትዮዋን ነገር ጨርሱለት» ብለው ልከውናል። ታዬ ቀጥታ ሄዶ ግራይንደሩን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቆርጬ አወጣዋለሁ። አሮጌ መኪና የሚፈታበት ስክራፕ ያርድ ደውዬ ሌላ መሪ አግኝቻለሁ። ጋሼ እሑድ ትነጂያለሽ ብለው ቃል ገብተዋል። ቃላቸው ይበልጣል ወይስ ክብ ፕላስቲክ?»

እውነቱን ነበር። ከኔ ያላነሰ ይወዳቸው ነበር፤ ቃላቸው ሳይፈጸም እንዳይቀር ነው የቸኮለው። ነገር ግን ኤልሲ ልትይዝ የፈለገችው የባሏን መሪ እንጂ ማንኛውንም መሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«አይቆረጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አይቆረጥም፣ ታዬ።» መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና በሩን ዘጋሁ። 

በመስኮቱ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅ አለሽ ለካ!» አለ። ግራይንደሩን መሬት አስቀመጠ። «እሺ፣ ፕሮፌሰር። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት። ከዚያ ግን ግራይንደሩን ስታርት አደርገዋለሁ፤ ብትጮሂም አልሰማሽም።»

ያን ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሳቸው አደረግሁ። በየሰዓቱ የመንቀያውን ቡሎን ጥቂት አጠብቃለሁ፣ ነካ አደርጋለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ፣ እጠብቃለሁ። መሪው አልሰማም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ትልቁን መዶሻ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ቆይቼ ደግሞ የያዘው ዳዶው መስሎኝ፣ ልፍታው ብዬ መፍቻውን ገጠምኩ። ሦስት ጥርስ ብቻ ነው የቀረው። ግን በዚያ ልክ የተወው የሳቸው እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው እጅ አልነካውም። ምክንያቱን ሳላውቅ መፍቻውን አወጣሁ። ስንወጣ ታዬ ግራይንደሩን በሩ አጠገብ፣ እንዳየው አድርጎ አስቀመጠው።

ጋሽ ጀማል፣ እሑድ ጧት ያደረግሁትን ልንገርዎት።

አንድ ሰዓት ላይ ብቻዬን ገባሁ። የርስዎ ቱታ እንደተሰቀለ ነበር፤ አልነካሁትም። መኪናው ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ቡሎኑን የሩብ ሩብ ያህል አዞርኩ፣ በትንሿ መዶሻ አንድ ጊዜ ነካሁት። ጠበቅሁ። ደገምኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታዬ ሻይ ይዞ መጣና አንዱን ብርጭቆ አጠገቤ አስቀመጠ። ስኳሩ ልክ ነበር። አንድ ጊዜ ነካሁት።

እንደ ጥይት ጮኸ። መሪው ከነመንቀያው ወደ ፊቴ ዘለለ፤ ዓይኔን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። አፍንጫዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያቆመው ዳዶው ነው። ረቡዕ ዕለት የተዉት ሦስት ጥርስ ይዞልኛል። በዚያ ሰዓት እጅዎ ግንባሬ ላይ እንዳለ ያህል ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም።

ኩሽኔታውን እኔ ራሴ አጠብኩት፣ ግራሶ ቀባሁት። መሪውን ስንመልስ የነጩ መስመርዎ ሁለት ግማሾች ገጠሙ። ስምንት ሰዓት ላይ ኤልሲ ተቀመጠች፤ አውራ ጣቷ ቦታዋን ሳትፈልግ አገኘች። እኔ ከጎኗ፣ ታዬ ከኋላ ሆነን እስከ ሐይቁ ነዳችን። ስንመለስ ረቡዕ ዕለት ያሳቃችሁ ምንድን ነበር ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ በረጅሙ፣ ሳላፍር አስረዳኋት። ሳቀች፣ ጋሽ ጀማል። ገብቷታል።

የዕቃውን ስም ሳላውቅ ዕቃውን ያሳዩኝ መምህሬ፣ አላህ በራሕመቱ ይቀበልዎ። ደህና ይሁኑ። መሪው በሰላም ወርዷል።