ወንድሜ መንዳት ያቆመበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለፈተና ቁጥጥር ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስንወርድ፣ ሊማሊሞ ላይ ሾፌሩ እጁን ከማርሹ አንስቶ ደጋግሞ አራገፈው። ክው አልኩ።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ብርዱ ነው፣ ቲቸር» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን እስክንደርስ ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም።

ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉቀን ጋር ስወርድ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። እሱ ከዳባት እህል እየጫነ ወደ ቆላ የሚያወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያለበሰኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ገለባው ላይ ውርጭ ይጋገራል። የዚያን ቀን ረዳቱ ታሞ ቀረና፣ ሙሉቀን ኪሱን የባቄላ ቆሎ ሞልቶ «ነይ እታለም፣ ዛሪማ ደርሰን እንመለስ» አለኝ።

አንዱ መታጠፊያ ላይ ማርሽ ቀይሮ እጁን ወደ መሪው ሊመልስ ሲል ጣቶቹ እንቢ አሉ። ማርሹን እንደጨበጡ ቀሩ። በአንድ እጁ ከመሪው ጋር እየታገለ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ሲቆም በኔ በኩል ባለው መስኮት የሚታየኝ ገደል ብቻ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅኩለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። ለማንም እንዳትናገሪ። የአባባም እጅ እንዲህ ነበር፤ ሲያርስ እርፉን ጨብጦ ይቀር የለ? ሰዉ እርግማን ነው ይላል።»

ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያው ሰሚስተር የተማርኩት ትምህርት ፊቴ ተደቀነ። ከጂን የተቀዳ መልእክት እንዳለ አይሠራም፤ ሴሉ ከመሐሉ እየቆረጠ ይጥልና የቀረውን ቁርጥራጭ እርስ በርሱ ይቀጥላል። የሚቀረው ቁራጭ ሲለያይ ከአንድ ጂን የተለያየ ፕሮቲን ይወጣል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሌሎች የጡንቻ ጂኖችን የሚያዙ ናቸው፤ በሕፃንነት በአንድ መልክ ተቀጥለው ይሠራሉ፣ ጡንቻው ሲጠና በሌላ። በዘር የሚተላለፍ አንድ ሕመም ግን አለ። ያንን የያዘው ሰው ቢያድግም አቆራረጡ የሕፃን ይሆናል። አዛዦቹም፣ ጡንቻውን የሚያላሉት ፕሮቲኖችም ይዛባሉ፤ የጨበጠ እጅ ቶሎ አይላቀቅም። ይህን ሁሉ ለፈተና ብዬ በቃሌ ይዤው ነበር። የወንድሜ እጅ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

በቻልኩት መጠን አስረዳሁት።

«እርግማን አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም። ሐኪም ማየት አለበት እንጂ፣ ሕመም ነው።»

«መድኃኒት አለው?»

«የሚያድን የለውም።»

ወደ መኪናው አየ። ስለ መንዳት አልጠየቀኝም፤ እኔም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ብቻ ድንገት ወደኔ ዞረና «በዘር ነው ካልሽ፣ አንቺስ?» አለኝ። «እስቲ ጨብጪ። አጥብቀሽ!»

ጨበጥኩ።

«ዘርጊ!»

ጣቶቼ ወዲያው ተዘረጉ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ከአባታችን ቀብር ወዲህ ያኔ ብቻ ነው።

ከዛሪማ በኩል በሰው መኪና ተሳፍሮ የሚመጣ ሾፌር ጓደኛውን ለምኖ መኪናውን አስነዳ። ሙሉቀን ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም። በኋላ ጎንደር ያየው ሐኪም የጠረጠርኩትን አረጋገጠ። ዳባት ላይ ትንሽ የእህል ሱቅ ከፈተ፤ ሚስት ግን አላገባም፣ «ለልጅ አላወርሰውም» እያለ። ልብም ጡንቻ ነውና፣ በመጨረሻ የገደለው ልቡ ነው።

መተዳደሪያውን የነጠቀው የኔ ቃል ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ተብሰልስያለሁ። ዛሬም ያንን ምዕራፍ ሳስተምር ጣቶቼን ጨብጬ እዘረጋለሁ። ይሁንና ከዚያ ቀን በፊት ሰው እንዳይጨብጥ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቅ የነበረው ወንድሜ፣ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ እጁን ይዘረጋ ጀመር። «ሕመም ነው፤ እስኪለቅ ትንሽ ታገሡኝ» ይል ነበር። ዳባት ስሄድ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እጄን ይዘው ቶሎ አይለቁኝም። «የሙሉቀን ሰላምታ እንዲህ ነበር» ይሉኛል።