እናቴ ሞጆ ጣቢያ ላይ የቆመች ለታ

ልጅ እያለሁ ባቡርን የማውቀው በወሬ ነበር። የአዋሳ ልጅ ሐዲድ ከየት ያገኛል? ዛሬም የለንም። ድሬዳዋ መሄድ የፈለገ በአውቶቡስ ሞጆ ድረስ ይሄድና እዚያ ወርዶ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ባቡር ይይዛል። ባቡሩ ደግሞ ሞጆ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ፣ እብስ ነው።

ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ቡላ በሌለበት አገር አራስ ቤት ተኛች ብላ እናቴ እንቅልፍ አጣች። በኮባ የተጠቀለለ ቡላ፣ ቅቤ የሞላ ቅል፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ይዘን ተነሳን። ባቡሩ ካመለጠን ሌላው መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ ማደሪያ የለንም፤ ቅቤውም በዚያ ሙቀት አይቆይም።

መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ሞጆ ስንደርስ ባቡሩ ቆሟል። እኔ ዶሮውን አቅፌ፣ እናቴ ቡላውን አዝላ ቅሉን ይዛ ሮጥን። ያኔ አየሁት። ቤት ከቤት ጋር የተቀጠለ ይመስላል፤ ጫፉ አይታይም። የጋለ ብረትና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እናቴ ድንገት ቆመች። ከፊታችን ጥቁር የለበሰች ሴት ሎሚ ዘርግታ ተቀምጣለች። እትዬ ዘነበች ናት፤ አዋሳ ጎረቤታችን ነበረች፣ ከባሏ ጋር ሞጆ ከገባች ቆይታለች። ባሏ መሞቱን ሰምተናል፤ እናቴ ግን ለቅሶ አልደረሰችም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደግሞ ሐዘንተኛን ዝም ብሎ አያልፍም። እናቴ ቅሉን መሬት አስቀመጠች። ለባቡሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የሟቹን ስም እየጠራች አለቀሰች።

ፊሽካ ተነፋ። አንድ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እናንተ ሴቶች፣ ባቡር ድንኳን ገብቶ አይቀመጥላችሁም" አለ። ሰው ሳቀ። እናቴ ዞር አላለችም።

"እማዬ፣ አራሷስ?" አልኩ ዶሮውን ጨምቄ።

የሰማችኝ እትዬ ዘነበች ናት። "የማን አራስ?" አለች እናቴን።

"ታናሽ እህቴ፣ ድሬዳዋ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እሱን አለቀስሽለት፣ ይበቃዋል። እሷ ትጠብቅሻለች።"

ቡላውን ከእናቴ ጀርባ ፈትታ ተሸከመችው። ሐዘንተኛዋ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ያ የቀለደብን ሰውዬ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ መጀመሪያ ቡላውን፣ ቀጥሎ ቅሉን፣ ከዚያ እኔን ከነዶሮዬ ተቀበለ። እናቴን በር ላይ የቆሙት በክንዷ ጎትተው አስገቧት። እትዬ ዘነበች ወደ ሎሚዋ ስትመለስ አየኋት፤ ትሳቅ ታልቅስ ከዚያ ርቀት አይለይም።

አክስቴ የቡላ ገንፎዋን ስትበላ እናቴ ስለ ሞጆ አንዲት ቃል አላነሳችም። ለእሷ የሚወራ ነገር አልነበረም።

ዛሬ አርጅቼም ልጆቼ ያሉበትን ሁሉ እዞራለሁ። አዲሱን ባቡርም ተሳፍሬበታለሁ፤ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንደ ያኔው ግን አላስደነገጠኝም። ሰው ሲሞት ስልክ ይደወልልኛል። ደጃፌ ላይ እንደተቀመጥኩ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እልና ሽንኩርቴን መላጥ እቀጥላለሁ። እኔን እኮ የሚያስቸኩለኝ ባቡር እንኳ የለም።