ለሁሉም በአንድ የተቃኘ በገና

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰባ አንድ ዓመቴ። ቁስቋም ዳገቱ ሥር በተከራየኋት አንዲት ክፍል በገና አስተምር ነበር። ፊደል ብቆጥርም ዳዊት ሳልደግም ነው ያቆምኩት፤ በገና ግን ማንም አይነግረኝም።

የልጄ ባል የኮምፒውተር ሰው ነው። አልወደውም፤ እሱም አይወደኝም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ በስልክ የሚደረደር በገና ሠራሁ ብሎ መጣ። የስልኩ መስታወት ላይ ዐሥር መስመር አለ፤ ሲነኩት ይጮኻል።

«የተቀዳ እንዳይመስልዎ አባባ» አለኝ። «ጣትዎ ሲነካው እዚያው ነው ድምፁን የሚፈጥረው። በማንኛውም ስልክ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራል።»

«ዝንብም ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ እዚያው ነው የምትፈጥረው» አልኩት።

ልጄ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ተማሪዎቼ ግን ወደዱት። በገና ዋጋው አይቀመስም፤ ታክሲ ውስጥ ይዘውት ሲገቡም ረዳቱ ይሳደባል። ስለዚህ ቤታቸው በስልክ መለማመድ ጀመሩ። ስልካቸውን ተቀብዬ ባዳምጠው ከእኔ በገና ከፍ ያለ ነው፤ አብረን ስንደረድር አይገጥምም። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ።

«ይህን ማን ነው የቃኘው?»

«መነሻ ድምፁ ዋና ማስተካከያው ላይ ነው ያለው» ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ። አንድ ገጽ ነው፤ ቁጥር ብቻ። አንዱ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው አለኝ። አንዱ ጣት ከነካ በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚዘገይ ነው፤ መዘግየቱን ካሳነሰው ርካሽ ስልክ ላይ ይንጣጣል። ከሥሩ ያለው መነሻ ድምፁ ነው፤ ዐሥሩም መስመር የሚቃኘው ከእሱ ነው።

«በእኔ በገና ልክ አድርገው።»

«አባባ፣ ይሄ ገጽ የሁሉም አዛዥ ነው። እዚህ ከነካሁት የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ነው የሚለወጠው። ለየሰው የሚሆን ማስተካከያ ገና አልሠራሁም።»

«ይለወጣ! ሁሉም የእኔ ተማሪ አይደል?»

«የሰው ድምፅ ግን...»

«ስለ በገና አንተ ልትነግረኝ?»

ከንፈሩን ነከሰ። በገናዬን አምጥቼ አውታሩን አንድ በአንድ መታሁለት፤ እያዳመጠ ቁጥሩን ለወጠ። ክፍሌ ያሉትንም በገናዎች ከዚያው ጋር አስማማኋቸው። አንበረከክሁት ብዬ የዚያን ቀን ራቴን በደስታ በላሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ፣ አርባ የሚሆናት ሴት ናት። ባለፈው ክረምት እናቷ አርፋባታለች። በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ በሰበካው አዳራሽ በሚደረገው ጉባኤ ለእናቷ መታሰቢያ በበገና ልትዘምር ስድስት ወር ሙሉ ስትለማመድ ቆይታለች። ቅኝቱን ካስለወጥኩ ወዲህ ግን መዝሙሩ እምቢ አላት።

«የኔታ፣ ዝቅ ብሎብኛል። ወደ ታች ስወርድ ድምፄ ይጠፋል።»

«ጾሙ ነው። ማታ ማታ አብሽ ጠጪ።»

«ጾሙ አይደለም የኔታ፣ ቅኝቱ ነው።»

«ቅኝቱ የእኔ ነው! ካልቻልሽ ነጠላሽን ሽጪ!»

ሰው ፊት ነው ያልኳት። አንገቷን ደፋች።

የጉባኤው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም። «ለአስተባባሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ አልዘምርም። የእናቴን መታሰቢያ እየተንቋረርኩ አላወጣም» ብላኝ ሄደች።

ወደ ልጄ ባል ገሠገሥኩ። «ዕቃህ ተማሪዬን አበላሻት፤ ድምፄ አይወርድልኝም ብላ ቀረች!» አልኩት ገና ከደጅ።

እሱ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «እርስዎ ሲማሩ በገናውን ማን ቃኘልዎ?» አለኝ።

«አስተማሪዬ ነዋ!»

«በማን ድምፅ?»

አስተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳያስነካኝ «እስቲ ድምፅህን አሰማኝ» ብሎ፣ ሰምቶ፣ ከዚያ ነው መቃኛውን የጨበጠው። በገና የሚቃኘው በዘማሪው ድምፅ ነው። እኔም ከአርባ ዓመት በላይ የመጣውን ተማሪ ሁሉ እንዲያ ነው የተቀበልኩት። ከዚህ ሰው ጋር እልህ ስጋባ ግን ሴቱንም ወንዱንም በሽማግሌ ጉሮሮ ቃኘሁት። ገጹ የእሱ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይህን አልነገርኩትም። እንዲህ ያለውን ለእሱ ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። «ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ» ሲለኝ በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቅዳሴ እንዳለቀ በገናዬን በጋቢ ጠቅልዬ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ከሱቋ ጀርባ ነው ቤቷ። በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተቋጠረ።

«ምን ቀረ የኔታ? ያልሰደቡኝ አለ?»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ አልወጣ አለኝ። ደጃፏ ላይ ካለው ዱካ ተቀምጬ በገናውን ገለጥኩና አውታሩን ሁሉ አላላሁት።

«ጉባኤው ስምንት ሰዓት ነው» አልኳት። «በይ ዘምሪ፤ የሚቀናሽን ድምፅ አንቺ አውጪ።»

በሩን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፤ እኔም መቃኛውን ጨብጬ ከመጀመሪያው አውታር ጀምሬ ወደ እሷ ድምፅ ማጥበቅ ያዝኩ።