ረጅም ትራንዚት ያለው ትኬት

አውስትራሊያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እጁ የማይሰስት ሰው ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። ሚስቱ በወለደች ቁጥር አራስ እንድጠይቅና ቤት እንድይዝላት እኔን ያስመጣኛል። ስልኩ ላይ ተደፍቶ ርካሹን ሲፈልግ ይሰነብትና ያገኘ ዕለት ድል እንዳደረገ ሰው ይደውልልኛል። ርካሽ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን የሚቀመጥበት ሰው ነው። ሽንት ቤቱ ሥር ያለ፣ ወደ ኋላ አልለጠጥም ያለ ወንበር ነው። ጉልበት ሸፍኖ ትከሻ የማይደርስ ብርድ ልብስ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንድ የዓረብ አገር ኤርፖርት ውስጥ፣ አገሩን ሳያዩ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት የብረት ወንበር ላይ መዋል ነው።

የሐረር ሰው በበኩሉ መንገደኛ ሲሄድ ዝም ብሎ አያይም። ጨርቅ የምሸጥበትን ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ቤት ስገባ ሐልዋ፣ በርበሬ፣ የቡና ቅጠል፣ ለእገሊት ልጅ የተሰፋ ቀሚስ በሩ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ሻንጣዬ ውስጥ የራሴ የሆነ ነገር አንድ ቅያሬና አንድ ጫማ ነው። ኤርፖርት ላይ ሲመዘን የሚቆጡኝ እኔን፣ የሚመረቀው ወንድሜ። ይህንን ስነግረው ይስቃል።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ያ የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ነው ወንድሜ ቤት የደረስኩት። ሁለተኛው ልጅ ሊወለድ ሲል ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሦስታችን የመጨረሻዋ፣ ታናሽ እህታችን፣ በዚያው የዓረብ አገር ከሰው ቤት ሥራ ወጥታ ኤርፖርቱ ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች። ሥራዋ መንገደኞች በሚጠብቁበት አዳራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ትራንዚቱ የሚረዝመውን ፈልግ እለው ጀመር። እሱ ቁጠባ የገባኝ መስሎት ደስ አለው።

ሠራተኛ ከመንገደኛ ጋር መቀመጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ እኔ እሷ የምትወለውልበትን እየተከተልኩ ወንበር እቀያይራለሁ። መስታወት ስታጸዳ ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ ታወራኛለች፤ ከሩቅ ለሚያያት ከመስታወቱ ጋር የምትጣላ ነው የምትመስለው። የምሳ ሰዓቷ ሲደርስ ከሴቶች መስገጃ ጀርባ ባለው ኮሪደር እግራችንን ዘርግተን ከቤት የያዝኩትን እንበላለን። ስለ ሰፈራችን ስለ አቦከር ጎረቤቶች፣ ማን አገባ፣ ማን ከማን ተኮራረፈ፣ ሁሉን ትጠይቀኛለች። ስለ እናታችን የምትጠይቀኝ መጨረሻ ላይ፣ ዕቃውን ስንሰበስብ ነው። እነዚያን ትራንዚቶች ከአውስትራሊያው ይልቅ እወዳቸው ነበር።

ከዚያ የእናታችን ዓይን ታመመ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። ከዳር ከዳር እየተዘጋ መጥቶ መሃሉ ብቻ ነው የቀረው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎ በግልጽ ነገረን። ደረጃውን ይዣት ስንወርድ እናቴ ቆም አለች።

«ልጄን ሳላያት?» አለችኝ።

እህቴ ከሄደች ወዲህ አልተገናኙም። የዕረፍት ጊዜዋ በመጣ ቁጥር የቤቱ ጣሪያ ይታደስበት፣ የእማ መድኃኒት ይገዛበት እያለች በገንዘብ ትለውጠው ነበር። አሁን ደግሞ ድርጅት ቀይራ አዲስ ውል ፈርማለች፤ ውሉ ሳያልቅ ከወጣች መመለሻ የላትም። የእናቴ ዓይን ውሉን አይጠብቅም። ለእናቴ ቪዛ የተገኘው በወንድሜ በኩል፣ ወደ አውስትራሊያ ነው። መንገዱ ግን በእህቴ ኤርፖርት ያልፋል። ይህን ጊዜ ወንድሜ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለእማማ ጥሩውን፣ ቶሎ የሚያደርሰውን እቆርጣለሁ ብሎ ተነሣ። እኔና እህቴ በሁለት በኩል ጮኸንበት። ረጅሙን ቆረጠ።

የቀረው የተሽከርካሪ ወንበር ጉዳይ ነበር። ለአዛውንት ወንበር ማዘዝ የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ እግር ስለታመመ አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው የኤርፖርት ሠራተኛ ራሱ እየገፋ ከበር እስከ በር ያደርሰዋል፣ ቋንቋ አይጠየቅም፣ አይጠፋም። ዳገት ለዳገት የሚውሉ እናቶቻችን ኤርፖርት ሲደርሱ ሁሉም እግራቸው አይሠራም። እናቴ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች።

«ከኤረር በር አትክልት ተሸክሜ ዳገቱን የምወጣ ሴት በጋሪ ልገፋ? ሰው ምን ይለኛል?»

ያሸነፈቻት እህቴ ናት። በስልክ፣ «እማ፣ በወንበር የሚመጡትን አንድ ክፍል ነው የሚያስቀምጧቸው። በምሳ ሰዓቴ እዚያ እመጣለሁ። ሌላ ቦታ ከሆንሽ ስፈልግሽ ሰዓቴ ያልቃል» አለቻት። እናቴ እሺ አለች።

ከሸዋ በር ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ድሬዳዋ ወረድን። የደንገጎን ቁልቁለት ስንይዝ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። መንገዱን ፈርታ መሰለኝ። አውሮፕላን ላይም አልገለጠችም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተንም አልገለጠችም። እንቅልፍ እንዳይባል ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። አሞሽ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኳት።

«ዓይኔን ላሳርፍላት ብዬ ነው» አለችኝ።

ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ። እንባዬን ለመጥረግ ያ አጭር ብርድ ልብስ በቃ።

ስንደርስ ወንበሩ የአውሮፕላኑ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። እናቴ በአልሐምዱሊላህ ተቀመጠችበት። እኔን ግን የቀጣዩ በረራ ወረቀትሽ አልታተመም ብለው ወደ አንድ መስኮት ላኩኝ፤ ርካሽ ትኬት ሁሌም እንዲህ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አትንቀሳቀሱ ብዬ ሄድኩ። ወረቀቴን ይዤ ስመለስ እናቴ አንድ ምሰሶ ሥር ቆማለች። ወንበሩ የለም፣ ገፊውም የለም። በእጇ የማላውቀው ባለ መስመር ሻንጣ ይዛለች።

«ወንበሩስ?»

«ሰጠኋቸው።»

«ለማን?»

«ለሴትዮዋ። አብረውን የመጡት። ከሐረማያ ወዲህ ናቸው። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከእኔ ይበልጣሉ። እሳቸው ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ?»

ገፊው አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ውሰድ ተብሎ ታዟል፤ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ወሰደ። በእናቴ ስም የተያዘው ወንበር ሌላ ሰው ይዞ እህቴ ወደምትጠብቅበት ክፍል ሄዷል። ሰዓቴን አየሁ፤ የምሳ ሰዓቷ ሊጀምር ነው።

«ነይ እንሂድ፣ እዚያው እናገኛቸዋለን» ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

አልነቃነቅም አለች። «ሻንጣቸውን ተቀብያለሁ። ሲመለሱ እዚሁ ነኝ ብያቸዋለሁ። አማና ነው።»

ባጃጅ ሰው አድርሶ እንደሚመለሰው ወንበሩም የሚመለስ መስሏታል። እንደማይመለስ አስረዳኋት። ሻንጣውን ይዘን እንሂድ አልኳት። «መጥተው ቢያጡኝስ? የሰው ዕቃ ይዛ ጠፋች ልባል?» አለችኝ። እህቴ ጋ ለመደወል ሞከርኩ፤ የኤርፖርቱ ኢንተርኔት በስልክሽ የላክነውን ቁጥር አስገቢ ይለኛል፣ የእኔ ስልክ እዚያ አገር አይሠራም። የባሰብኝ ያኔ ነው። ልጇን ልታይ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ፣ ለማታውቀው ሰው ሻንጣ ብላ ልትቀር ነው።

እናቴ ምሰሶው ሥር ካለው ወንበር ተቀምጣ እጇን ሻንጣው ላይ አድርጋለች። «አላህ ያመጣታል» አለችኝ።

«አላህ የምሳ ሰዓቷን አያስረዝምላትም» አልኳት።

«አስተግፊሩላህ በዪ።»

አልኩ። እልህ ይዞኝ ትንሽ ተንጎራደድኩ። ከዚያ እዚሁ ጠብቂኝ፣ ሮጬ ላምጣት ብዬ መንገድ ስጀምር ከአዳራሹ ጫፍ አረንጓዴ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ወንበር እየገፋች መጣች። እህቴ ናት። ወንበሩ ላይ ያሉት ሴትዮዋ ናቸው።

የሆነውን ኋላ ነግራኛለች። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ነጭ ሻሽ ከጀርባ አየች። ዞራ ፊታቸውን ሳታይ ከኋላ አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። ሴትዮዋ አልደነገጡም፤ እጇን ይዘው እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ ነው በዚያ በሐረማያ አማርኛቸው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ አይደለሁም እናትሽ። እናትሽ ከአውሮፕላኑ ከወረድንበት ሻንጣዬን ይዘው ቆመዋል። በይ ግፊኝ፣ ላሳይሽ» ያሏት።

እናቴ የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነው፤ ፊት ለፊቷ ያለውን እንጂ ዙሪያውን አታይም። ወንበሩ ሲቆም ያየችው ሴትዮዋን ነው። ብድግ ብላ ሻንጣውን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ይኸው ሻንጣዎ። የሰው እጅ አልነካውም» አለቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ገፊዋ፣ አረንጓዴው ልብስ ላይ፣ «አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ አደከምንሽ» አለች።

እህቴ የወንበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«እማ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

እናቴ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ሁለት እጇን ሰድዳ የእህቴን ፊት ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው። ግንባሯን አየች። ከዚያ ወደ ቅንድቧ፣ ወደ አንዱ ዓይኗ፣ ወደ ሌላው፣ ወደ አፍንጫዋ እየወረደች አየች። በአንድ ጊዜ ሙሉ ፊት ማየት ስለማትችል ቁራጭ በቁራጭ ነው የምታየው። ብርሃን ወዳለበት ዞር አደረገቻት። እህቴ ይቅርታ፣ እማ፣ እኔ እኮ ብላ ልትጀምር ነበር።

«ዝም በዪ» አለቻት እናቴ። «እያየሁሽ ነው።»

የምሳ ሰዓቱ ያለቀው በዚህ ነው። ከያዝነው ምግብ አንድ ጉርሻ አልተበላም። እህቴ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኛም ሴትዮዋን ተሰናብተን ወደምትወለውልበት አዳራሽ ተከተልናት። እናቴን ጥግ ካለ ወንበር አስቀመጥኳት። እህቴ መወልወያዋን ይዛ ዞራ ዞራ እናቴ ወንበር ሥር ትመጣለች። እናቴ ሁለት እግሯን ከወለሉ ታነሣላታለች። እህቴ ቀስ ብላ ትወለውላለች፣ በደንብ፣ ቀና ሳትል። እናቴ ከላይ ሆና ታያታለች። ከዚያ ትሄዳለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትመጣለች። ያ ወለል ከዚያን ቀን የበለጠ ጸድቶ አያውቅም። በረራችን እስኪጠራ ድረስ እንዲህ ዋልን፤ እናቴም ዓይኗን አልጨፈነችም።

አውስትራሊያ ሰነበትን። የልጅ ልጆቿን አቀፈች፣ ባሕርም አየች። ስንመለስ የእህቴ ፈረቃ አልገጠመንም። ወደ ሐረር በገባን በዓመቱ ያ የቀረው ብርሃን ሄደ።

ጎረቤቶች አቦከር ቤታችን መጥተው አውስትራሊያ እንዴት ነው ሲሏት ደህና ነው ብላ ታልፋለች። የምትነግራቸው የልጇን ፊት ነው። ጉንጯ ሞላ ማለቱን፣ የፊት ፀጉሯ ላይ አንዲት ሽበት እንኳ አለመኖሯን፣ ቅንድቧ የአባቷ መሆኑን። ቀኑን ሙሉ ስትነግራቸው አይደክማትም፤ እነሱም ሰምተነዋል አይሏትም።

ዘንድሮ የእህቴ ውል አለቀና ለሸዋልኢድ በዓል መጣች። በሩን ስከፍትላት ደነገጥኩ፤ እንዳላሳውቃት ጎንበስ ብዬ ሻንጣዋን ያዝኩ። ከስታለች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ የፊት ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አሞኝ ነበር፣ ለእማ እንዳትነግሩብኝ ብዬ ነው የደበቅኳችሁ አለችኝ። ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። ሁሉም አዩዋት፣ ሁሉም ዝም አሉ።

እናቴ ካለችበት እጇን ዘረጋች። እህቴ ሥሯ ተንበረከከች። የእናቴ እጅ ከግንባሯ ጀምሮ ወረደና ጉንጯ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቆየ። ከዚያ መዳፏን ሞልታ ጉድጓዱን ሸፈነችውና ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች።

«እንደነገርኳችሁ አይደለችም?» አለቻቸው።

«እንዳልሽው ናት» አሉ ሴቶቹ ተራ በተራ፣ «ማሻአላህ፣ እንዳልሽው ናት።»